ጥቁር ቢራና በጎልማሳነት የተለወጠ ሙያ



  በዚህች በየዓመቱ በምትወጣው መጽሔታችን ላይ አባላት የሚያውቁትን እየጻፉ ሲያካፍሉን ቆይተዋል። እኛ ግን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤና የዕድር መዝገብ ከመጻፍ በቀር ሌላ ጽፈን አናውቅም፤ ትምህርታችንም ከስድስተኛ ክፍል አይዘልም። ዘንድሮ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ስለ ነሣን ብዕር አነሣን። ስሕተት ብታገኙ በወንድምነት አርሙን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ከጠቅላላ ስብሰባው ማግስት፣ አሜሪካ የምትኖር የአንድ አባላችን ልጅ ለአባቷ አራት ጠርሙስ ጥቁር ቢራ ይዛ መጥታ ነበርና ለጥቂት ሽማግሌዎች ተቀዳልን። መልኩ ከሰል ነው፤ አረፋው ደግሞ የማኪያቶ አረፋ ይመስላል። «ይኼ ደግሞ የመኪና ዘይት ነው እንዴ?» ብለን ሣቅን። ከቀመስነው በኋላ ግን ሣቁ ቀረ። አንደኛው ጓደኛችን ጢሙን ጠረገና «ይኼማ ያሻሮ ጠላ ነው፤ የጠመቀው ፈረንጅ ሆኖ ነው እንጂ» አለ። ሁላችንም ተስማማን።

በዚያው ጨዋታ መሐል፣ ከመሥሪያ ቤቱ በቅነሳ የተሰናበተ የ47 ዓመት ጎረቤታችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ እኔ እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ ምን እጀምራለሁ? ሙያ የሚለመደው በልጅነት አይደል?» ሲል ጠየቀን። ያን ዕለት መልስ አልነበረንም። ልጅቷ ግን የጠርሙሱን ወረቀት በጣቷ እያሳየች «ይህን ቢራ የሚሠራውን ድርጅት ያቋቋሙት እኮ አንድ ጋዜጠኛና አንድ የባንክ ሠራተኛ ናቸው፤ ጎረቤታሞች ነበሩ» አለችን። ጎረቤታሞች የሚለው ቃል ጆሮአችን ውስጥ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ልጃችን እያነበበልን እኛም በደብተር እየያዝን የሰበሰብነውን ነው የምናቀርብላችሁ። የውጭ አገሩን ታሪክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር ጽፈነዋል። መጠጥ የማይቀምሱ አባሎቻችንም አይቀየሙን፤ ወጋችን በቢራ ቢጀምርም የሚያልቀው በሙያ ነው።

ጥቁር ቢራ ከወዴት መጣ?

የጥቁር ቢራ አገሩ እንግሊዝ፣ ከተማው ሎንዶን ነው። በ1700ዎቹ መጀመሪያ ላይ በሎንዶን ጎዳናዎችና በወንዙ ወደብ ሸክም የሚሸከሙ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ነበሩ። በእንግሊዝኛ ተሸካሚ «ፖርተር» ይባላል። እነዚህ ሰዎች አብዝተው የሚወዱት ጠቆር ያለ፣ ምረት ያለው፣ ጉልበት የሚሰጥ ቢራ በስማቸው «ፖርተር» ተባለ። ከዚሁ ውስጥ ጠንከር ያለውን «ስታውት ፖርተር» አሉት፤ ስታውት ማለት ብርቱ፣ ወፍራም እንደ ማለት ነው። በኋላ ፖርተር የሚለው ቃል ከኋላው ወደቀና ስታውት ብቻውን የመጠጡ ስም ሆኖ ቀረ። እንግዲህ ዛሬ በውድ ዋጋ የሚሸጠው መጠጥ ስሙን ያገኘው ከኩሊዎች መሆኑን ልብ ይሏል።

በአየርላንድ ደግሞ አርተር ጊነስ የተባሉ ሰው በ1759 ዓ.ም. በደብሊን ከተማ ሴንት ጄምስ ጌት በተባለ ስፍራ አንድ የተዘጋ የጠመቃ ቤት ተከራዩ። ኪራዩ በዓመት 45 ፓውንድ ሲሆን ውሉ የተፈረመው ለ9000 ዓመት ነው። እኛ በጽሕፈት ሥራ ብዙ የኪራይ ውል ገልብጠናል፤ እንዲህ ያለ ግን አላየንም። ሰውየው መጀመሪያ ይጠምቁ የነበረው ሌላ ዓይነት ቢራ ነው። በ1799 ዓ.ም. ግን ያን ትተው ፖርተር ብቻ ለመጥመቅ ቆረጡ። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከሰባ ዓመት አልፎ ነበር። ጊነስ የሚለው ስም በዓለም ላይ የታወቀው ሰውየው በሽምግልና ዘመናቸው ባደረጉት በዚህ ለውጥ ነው።

የጥቁረቱ ምሥጢር ምንድን ነው? የተቆላ እህል ነው። በ1817 ዓ.ም. ዳንኤል ዊለር የተባለ እንግሊዛዊ ብቅልን እንደ ቡና መቁያ በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ሳያቃጥል አጥቁሮ የሚቆላ መሣሪያ ሠርቶ የባለቤትነት መብት ተሰጠው። ከዚያ በፊት ጠማቂዎች መጠጡን ለማጥቆር ብዙ ቡናማ ብቅል ያባክኑ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አብዛኛውን በነጣ ብቅል ጠምቀው ትንሽ የተቆላ ጣል ማድረግ በቃቸው። ቀለሙም፣ የቡና የመሰለው ሽታም፣ ምረቱም ከዚያች ከትንሿ እፍኝ የሚመጣ ነው።

እዚህ ላይ የዕድር ሰው ሆነን አንድ ታሪክ ሳንጠቅስ አናልፍም። በጥቅምት 17 ቀን 1814 ዓ.ም. በሎንዶን የአንድ ጠመቃ ቤት ታላቅ የፖርተር በርሜል ፈነዳ። በርሜሉ ቁመቱ ከስድስት ሜትር ይበልጥ ነበር። ጥቁሩ ቢራ እንደ ደራሽ ውሃ ግንብ አፍርሶ ከጀርባው ባሉት የድሆች ቤቶች ላይ ወረደ። 8 ሰዎች ሞቱ፤ ሁሉም ሴቶችና ልጆች ናቸው። ከእነርሱ ውስጥ አምስቱ በአንድ ልቅሶ ቤት የነበሩ ናቸው፤ የሁለት ዓመት ሕፃን የሞተበት የአየርላንድ ስደተኛ ቤት ነበር፤ እናቲቱም አብራ ሞተች። እንደኛ ያለ ዕድር አልነበራቸውምና አላፊ አግዳሚው አስከሬኑን እያየ ለቀብራቸው ሳንቲም አዋጣ። ፍርድ ቤቱ በማንም ላይ ጥፋት አላገኘም። ይህን ያነሣነው ለጨዋታ ማሳመሪያ አይደለም። መዋጮ የሌለው ድሃ በየትም አገር ቢሆን ቀብሩ በመንገደኛ ኪስ እንደ ነበር ለማስታወስ ነው።

ቢራው ወደ አሜሪካ ሄዶ ምን ሆነ?

አሁን ወደ ጠርሙሷ አገር እንሻገር። ብሩክሊን የኒው ዮርክ ከተማ አንዱ ክፍል ነው። በ1800ዎቹ መጨረሻ ጀርመኖች በብዛት ሰፍረውበት 48 የሚደርሱ የቢራ ጠመቃ ቤቶች ነበሩት። በ1920 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት መጠጥ መሥራትንና መሸጥን በሕግ ከለከለ። ክልከላው 13 ዓመት ቆይቶ በ1933 ዓ.ም. ተነሣ። ብዙ ጠመቃ ቤቶች ግን ተመልሰው አልቆሙም። የቆሙትንም ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ዋጣቸው። በብሩክሊን የቀሩት የመጨረሻዎቹ ሁለት ፋብሪካዎች በ1976 ዓ.ም. ተዘጉ። በአጠቃላይ አገሩ ላይ የቀሩት ጠመቃ ቤቶች ከመቶ በታች ነበሩ፤ ቢራውም ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት፣ ቀጭንና ነጣ ያለ ሆነ። ጥቁር ቢራማ ከነጭራሹ የተረሳ ያህል ነበር።

በዚያው በ1976 ዓ.ም. አንድ ሰው ተነሣ። ጃክ ማኮሊፍ ይባላል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ባልደረባ ሆኖ በስኮትላንድ ሲያገለግል የዚያን አገር ቢራ ለመደ፤ አገሩ ሲመለስ ግን አጣው። በካሊፎርኒያ ሶኖማ በተባለ ስፍራ ከወተት ማቀነባበሪያ የተጣሉ ጋኖችን ለቃቅሞ በገዛ እጁ ብየዳ እየሠራ «ኒው አልቢዮን» የተባለ ጠመቃ ቤት ከፈተ። ፖርተርና ስታውትም ይጠምቅ ነበር። ግን መጠኑ አነስተኛ ስለ ነበር ወጪውን አልሸፈነለትም፤ በ1982 ዓ.ም. ዘጋ። የሰውየው ሥራ ቢዘጋም መንገዱ አልተዘጋም። ያዩት ሌሎች ተከተሉት።

በሌላ በኩል በ1978 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ካርተር አንድ ሕግ ፈረሙ። ሕጉ አዋቂዎች ላሉበት አንድ ቤተሰብ በዓመት 200 ጋሎን፣ ወደ 750 ሊትር ማለት ነው፣ ለቤቱ ፍጆታ ያለ ግብር ቢራ እንዲጠምቅ ፈቀደ። እኛ አገር እናቶቻችን ከማንም ሳያስፈቅዱ ሲጠምቁ ስለ ኖሩ ይህ ሊያስገርመን ይችላል። አሜሪካኖቹ ግን ቤት ውስጥ መጥመቅን እንደ አዲስ የተማሩት ከዚያ በኋላ ነው። የአነስተኛ ጠመቃ ቤት ባለቤቶች ብዙዎቹ ከዚያ ማድ ቤት የወጡ ናቸው። ዛሬ በአሜሪካ ያሉት ጠመቃ ቤቶች ከ9000 በላይ ሆነዋል።

ጋዜጠኛውና ከታች ፎቅ ያለው ጎረቤቱ

እንግዲህ ወደ ዋናው ታሪካችን ደረስን። ሚስተር ስቲቭ ሂንዲ አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ድርጅት የመካከለኛው ምሥራቅ ዘጋቢ ነበሩ። በቤይሩት የእርስ በርስ ጦርነቱን ዘግበዋል። በ1980 ዓ.ም. በደቡብ ሊባኖስ ከአየርላንድ የሰላም ጠባቂ ወታደሮች ጋር ሲጓዙ ታጣቂዎች አግተዋቸው ነበር። እርሳቸው ተረፉ፤ ከወታደሮቹ ሁለቱ ግን ተገደሉ። በ1981 ዓ.ም. የግብፁ ፕሬዚዳንት ሳዳት በሰልፍ ላይ ሲገደሉም በስፍራው ነበሩ።

ታዲያ ቢራ መጥመቅን ከማን ተማሩ? ይህ ነው የሚያስቀው። በካይሮ ሲኖሩ፣ ቀደም ሲል በሳዑዲ ዐረቢያ ያገለገሉ አሜሪካውያን ዲፕሎማቶች ጎረቤቶቻቸው ነበሩ። ሳዑዲ መጠጥ ክልክል ስለ ሆነ እነዚህ ሰዎች በየቤታቸው ቢራ መጥመቅ ተክነው ነበር። ሙያው ከዚያ ወደ ሂንዲ ተሻገረ። መጠጥ የሌለበት አገር ጠማቂ አፈራ ማለት ነው።

በ1984 ዓ.ም. ድርጅታቸው ወደ ፊሊፒንስ ዋና ከተማ ሊያዛውራቸው ሲል ባለቤታቸው «ልጆቼን ይዤ ከጦርነት ወደ ሁከት አልሄድም» የሚል አቋም ያዙ። ቤተሰቡ ኒው ዮርክ ገባ፤ እርሳቸውም በአንድ ጋዜጣ የአርታኢነት ወንበር አገኙ። ደመወዙ ደህና ነው፤ ወንበሩ ግን ቆረቆራቸው። ሜዳ ላይ የኖረ ሰው የሌላውን ጽሑፍ እያረመ መዋል ከበደው። በብሩክሊን አፓርታማቸው ማድ ቤት በትርፍ ጊዜያቸው መጥመቅ ጀመሩ።

በዚያው ሕንፃ ከታች ፎቅ ሚስተር ቶም ፖተር የተባሉ ሰው ይኖራሉ፤ ኬሚካል ባንክ በተባለ ባንክ የብድር ሠራተኛ ነበሩ። ሂንዲ የጠመቁትን እያቀመሱ «ለምን ጠመቃ ቤት አናቋቁምም?» አሏቸው። ፖተር መጀመሪያ ጨዋታ መስሏቸው ነበር። የባንክ ሰው ናቸውና አዲስ ንግድ ምን ያህሉ እንደሚከስር ያውቃሉ። በኋላ ግን ስሌቱን ራሳቸው ሠሩት፤ ወጪና ገቢውን፣ የዕቅዱን ጽሑፍ በሙሉ። ከዘመድና ከወዳጅ 500,000 ዶላር ገደማ አሰባሰቡ። ሁለቱም ሥራቸውን ለቀቁ። የመጀመሪያው ቢራቸው ገበያ የወጣው በመጋቢት 1988 ዓ.ም. ነው። ሂንዲ በዚያን ጊዜ አርባ ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ብንመለከት፣ ሁለቱ ሰዎች የማያውቁትን እናውቃለን አላሉም። ማድ ቤት ውስጥ መጥመቅና ለከተማ መጥመቅ እንደማይገናኝ ገባቸው። ስለዚህ በፊላደልፊያ የሽሚት ቢራ ፋብሪካ ጠማቂ የነበሩትን አንጋፋ ባለሙያ ዊሊያም ሞለርን ፈልገው አገኙ። ሞለር የአራት ትውልድ ጠማቂ ናቸው። ፋብሪካም አልሠሩም፤ ዩቲካ በተባለ ከተማ በቆየ የሌላ ሰው ፋብሪካ በክፍያ አስጠመቁ። የድርጅቱን ምልክት የሠሩላቸው ሚልተን ግሌዘር የተባሉ ታላቅ ሠዓሊ ሲሆኑ፣ የኒው ዮርክን ታዋቂ የልብ ምልክት የነደፉ ናቸው። የእጃቸውን ዋጋ በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በአክሲዮን ተቀበሉ።

አከፋፋይ ነጋዴዎች ስም የሌለው ቢራ አንጭንም ሲሏቸው መኪና ገዝተው ራሳቸው እየጫኑ ከሱቅ ሱቅ አደሉ። አስቡት፤ ትናንት ከፕሬዚዳንቶች ጋር የነበረ ጋዜጠኛና ብድር ሲፈቅድ የነበረ የባንክ ሰው ካርቶን ተሸክመው ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ! ጥቁር ቢራ ስሙን ያገኘው ከተሸካሚዎች ነው ብለን አልነበር? እነዚህም ወደ ስሙ ተመለሱ።

በ1996 ዓ.ም. በብሩክሊን ዊሊያምስበርግ በተባለ ሠፈር የራሳቸውን ጠመቃ ቤት ከፈቱ። ከሃያ ዓመት በኋላ ብሩክሊን ቢራ ጠማቂ አገኘች።

ያቺ ጥቁር ጠርሙስ

እኛ የቀመስነው ቢራ ስሙ ብላክ ቾኮሌት ስታውት ነው። የጠመቁት ሚስተር ጋሬት ኦሊቨር ናቸው። እኚህም ጥቁር አሜሪካዊ ሌላ ሙያ ትተው የመጡ ናቸው። የተማሩት ስለ ፊልም ሥራ ነው። በ1983 ዓ.ም. ሎንዶን ሄደው በሙዚቃ ዝግጅት የመድረክ አስተዳዳሪ ሆነው ሲሠሩ የእንግሊዝን ቢራ ቀመሱ። አገራቸው ሲመለሱ የሚጠጣ አጡና ቤታቸው መጥመቅ ጀመሩ። በ1989 ዓ.ም. በማንሃታን በአንድ ጠመቃ ቤት በተለማማጅነት ዝቅ ብለው ገቡ። በ1994 ዓ.ም. ወደ ብሩክሊን ሲመጡ ይህን ጥቁር ቢራ ለክረምት ጠመቁ።

ስሙ ቾኮሌት ይበል እንጂ ውስጡ ቾኮሌት የለም። ጣዕሙ የተቆላው ብቅል ነው። የአልኮል መጠኑ ወደ 10 ከመቶ ስለሚሆን የተለመደው ቢራ እጥፍ ነው። ስለዚህ እንደ ቢራ አይጠጣም። ልጅቷ ስታስረዳን፣ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ጥቂት መቆየት አለበት፤ በጣም ከቀዘቀዘ ሽታው ይታፈናል። ሰፋ ባለ ብርጭቆ በትንሹ ይቀዳል፤ መጀመሪያ ይሸተታል፤ ከዚያ በትንሽ በትንሹ ፉት ይባላል። አንድ ጠርሙስ ለሦስት ሰው ይበቃል። እኛ በዳቦ ቆሎ ሞከርነውና ተስማማ። አንድ ሰዓት ሙሉ ስንጫወት አንዱን ብርጭቆ አልጨረስነውም። ለካ ደህና መጠጥ ሰውን ያዘገያል እንጂ አያጣድፍም።

የእኛው አሻሮ

አገራችን ዘመናዊ ቢራ የጀመረችው በ1915 ዓ.ም. ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ አዲስ አበባ ላይ ሲቋቋም ነው። ጥቁር ቢራም እንግዳ አልነበረም። በ1976 ዓ.ም. የተቋቋመው ሐረር ቢራ ፋብሪካ «ሐኪም ስታውት» የተባለ ጥቁር ቢራ አውጥቶ ብዙ ሰው ቀምሶታል። ሐኪም የሐረሩ ተራራ ስም ነው።

ጥቁረቱን ግን ከፋብሪካ አልተማርነውም። እናቶቻችን ጠላ ሲጠምቁ የሚያደርጉትን እናስብ። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ጌሾው ተወቅጦ ከብቅል ጋር ይጠነሰሳል። ከዚያ ገብሱ በምጣድ ላይ እስኪጠቁር ተቆልቶ ይፈጫል፤ ይኼ ነው አሻሮ። ድፍድፉ ከእርሱ ቀለም ያገኛል፤ ጠላውም ጠቆር ብሎ ይጣራል። ፈረንጆቹ ጌሾ በሌላ ተክል ይተካሉ እንጂ ሥርዓቱ ያው ነው። ዳንኤል ዊለር በበርሜል የቆላውን እናቶቻችን በምጣድ ሲቆሉት ኖረዋል። ልዩነቱ እርሱ የባለቤትነት ወረቀት ማግኘቱ ነው።

አሁን ስለ ራሳችን ጥቂት እንናገር፤ ያለዚያ ጽሑፋችን እውነት አይሆንም። ባለቤታችን ጠላ ታውቃለች። በሠፈራችን ሠርግም ሆነ ተዝካር ሲኖር የእርሷ ጋን ይፈለጋል። በ1996 ዓ.ም. ዕድሜያችን 44 ሲሆን ዳቦ ቤት የነበረው አንድ ጎረቤታችን «ፊልተር ጠላ በጠርሙስ እያደረግን ለድግስ ቤት እናቅርብ፤ እኔ ቤትና መኪና አለኝ፣ እርሷ ሙያ አላት፣ አንተ ደግሞ ሒሳቡን ትይዛለህ» አለን። ሌሊቱን ሙሉ አሰብን። ደመወዛችን ትንሽ ነው፤ ግን በየወሩ ይመጣል። ከሁሉ በላይ ያስፈራን የሰው አፍ ነበር። «ፀሐፊው ጠላ ሻጭ ሆነ» እንዳይሉን ሰጋን። በማግሥቱ አይሆንም አልነው። እርሱም ሌላ ሥራ ያዘ።

በ2012 ዓ.ም. ጡረታ ወጣን። ሦስት ወር ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ጋዜጣ አገላበጥን። ከዚያ ሥራ ፈትነቱ ሲብስብን አንድ ደብተር አሰምረን የባለቤታችንን ገቢና ወጪ መጻፍ ጀመርን፤ የገብሱን፣ የብቅሉን፣ የጌሾውን፣ የማገዶውን፣ የዱቤውን። በሁለተኛው ወር ያየነውን ለማመን ቸገረን። ለበዓልና ለድግስ የጠመቀችው ያተርፋል፤ በአዘቦት የምትጠምቀው ያንኑ ትርፍ ይበላዋል። ጌሾውን ከጉሊት በእፍኝ ትገዛ ስለ ነበር በኪሎ ከሚገዛው በጣም ይወደድባታል። ዱቤውን ደግሞ የሚያስታውሰው ተበዳሪው ብቻ ነበር። የአዘቦቱን አስቀረን፣ ጌሾውን በአንድ ጊዜ ገዛን፣ ዱቤውን በስም ጻፍን። በዓመቱ መጨረሻ ቤታችን የጣራ ቆርቆሮ ቀየረ።

ባለቤታችን ደብተሩን አገላበጠችና «ይኼን የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት ይዘህልኝ ቢሆን ጉልበቴ ነበረ» አለች። ሌላ ነገር አልጨመረችም። ዛሬ ጉልበቷን እያመማት ትልቁን ጋን ማንሣት አልቻለችም፤ የምትጠምቀው ለትልልቅ በዓላት ብቻ ነው። እኛ ሙያ የለንም ብለን አሥራ ስድስት ዓመት የተቀመጥንበት ወንበር ላይ ቤታችን የጎደለው ሙያ በእጃችን ነበር። ያፈርነው በጠላው ነው፤ ሊታፈርበት የሚገባው ፍርሃታችን ነበር።

ለዚያ ጎረቤታችን ያለን መልስ

ለ47 ዓመቱ ወንድማችን ያን ዕለት ያልመለስነውን አሁን እንመልሳለን።

አንደኛ፣ የድሮ ሙያህን እንደ አሮጌ ልብስ አትጣለው። ጋዜጠኛው ሰው ማናገርና ታሪክ መንገር ያውቅ ስለ ነበር ቢራውን በዚያ ሸጠው። የባንኩ ሰው ስሌት ያውቅ ስለ ነበር ድርጅቱን በዚያ አቆመው። አዲስ ሥራ ማለት አሮጌውን ሙያ በአዲስ ጋን መጥመቅ ነው።

ሁለተኛ፣ የማታውቀውን ከሚያውቅ ተማር፤ ዝቅ ማለትንም አትፍራ። ሂንዲ ሸክም ተሸከሙ፤ ኦሊቨርም ተለማማጅ ሆነው ጀመሩ።

ሦስተኛ፣ የስንብት ክፍያህን በአንድ ቀን አታፍስሰው። ሰዎቹ ዓመታት በማድ ቤት ሞክረዋል፤ ፋብሪካም ከመሥራታቸው በፊት በሰው ፋብሪካ አስጠምቀዋል። ማኮሊፍ ደግሞ ሙያ ሳያንሰው በመጠን ማነስ ከስሮ ዘግቷል። ድፍረት ያለ ስሌት እንደማያዘልቅ የእርሱ ታሪክ ይመሰክራል።

አራተኛ፣ ጎረቤትህን ጠይቅ። ሂንዲ አጋራቸውን ያገኙት አገር አቋርጠው አይደለም፤ አንድ ደረጃ ወርደው ነው።

በመጨረሻም ለዕድራችን ሥራ አስፈጻሚ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። መዝገባችን የአባሉን ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የቤተሰቡን ብዛትና መዋጮውን ይይዛል። ሰው ሲሞት የሚያስፈልገን ይኸው ስለ ነበር ከዚህ ሌላ ጠይቀን አናውቅም። አሁን ግን አንድ ዓምድ ቢጨመር ምን ይለናል? «ሙያ» የሚል ዓምድ። ማን ብየዳ ያውቃል፣ ማን ሒሳብ፣ ማን ስፌት፣ ማን ጠመቃ፤ ሥራ ያለውም የሌለውም ይጻፍ። ሥራ ያጣ ወንድም ሲመጣ ድንኳን ለመትከል የምንገልጠውን መዝገብ ለዚያም እንገልጥለታለን። ሐሳቡ በጠቅላላ ስብሰባው ከጸደቀ ዓምዱን የማስመሩንና የመሙላቱን ሥራ እኛ ያለ ክፍያ እንሠራለን፤ የእጅ ጽሑፋችን ገና አልተበላሸም።

ፈጣሪ ለሚመጣው ዓመት በጤና ያድርሰን። የዕድራችን ድንኳን ከልቅሶ ይልቅ ለሠርግ የሚተከልበት ዓመት ያድርግልን።